ከበረሃው ካምፕ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ኩዌት ውስጥ ካምፕ ቢዩሪንግ ዘጠኝ ወር ኖሬያለሁ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሥራዬ ሰፕላይ ነበር፤ ዕቃ መረከብ፣ መቁጠር፣ ማደል። ካምፑ በሰሜን ምዕራብ ኩዌት፣ ኡዳይሪ በሚባለው በረሃ ውስጥ ነው ያለው። ድሮ ስሙም ካምፕ ኡዳይሪ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ልጃቸው ወይም ባላቸው ወደዚያ አካባቢ የሄደባቸው ሐበሾች ይጽፉልኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይም ያስቆሙኛል። የሰሞኑን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልስ ሰጥቻለሁ።

ልጄ በሰኔ ሄደ። ቴሌቪዥኑ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ደረሰ ይላል። ሰው በዚህ ሙቀት እንዴት ይሠራል? እንቅልፍ አጣሁ። (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እናቴ፣ ሙቀቱ እውነት ነው፤ አላቃልልብዎትም። እዚያው ኩዌት ውስጥ ሚትሪባህ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። ነፋስ ሲነፍስ እንኳ አያቀዘቅዝም። የጋለ ምጣድ ላይ ጎንበስ ሲሉ ፊትዎን እንደሚመታው ወላፈን ነው።

ግን ልጅዎ ዝም ብሎ ፀሐይ ላይ አይጣልም። ጦሩ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ነፋሱንና የፀሐዩን ኃይል አንድ ላይ ይለካል። ከዚያ ደረጃውን በባንዲራ ያሳውቃል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ጥቁር ከተሰቀለ ከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው 10 ደቂቃ ሠርቶ 50 ደቂቃ እንዲያርፍ ነው መመሪያው። ስለዚህ ቀኑ የሚጀምረው ከፀሐይ በፊት ነው። እኛ ከሌሊቱ አስር ተኩል ተነስተን ስፖርት እንሠራ ነበር። ከዚያ ሻወር፣ ቁርስ፣ ሥራ። እኩለ ቀን ላይ በተቻለ መጠን ጥላ ውስጥ ይገባል። መኝታው ድንኳንም ይሁን ኮንቴይነር ማቀዝቀዣ አለው። ሽንት ቤቱና ሻወሩ ግን ከመኝታው ይርቃል። ሌሊት የነቃ ሰው ጫማውን አጥልቆ፣ ባትሪውን ይዞ አሸዋ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚያስመርረው እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

ስለ ውኃ አንድ ነገር ልንገርዎት። እናቶች ስልክ ላይ “ጠጣ፣ ጠጣ” እንደሚሉ አውቃለሁ፤ የእኔም እናት እንደዚያው ነበረች። ውኃም ልክ አለው። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በታች፣ በቀን ደግሞ ከ11 ሊትር ገደማ እንዳይበልጥ ይነገረናል። ምግብ ሳይበሉ ውኃ ብቻ ማንቆርቆር የደምን ጨው ያቀጥናል፤ ሰው ይጥላል። ስለዚህ “ጠጣ” ካሉት “ብላም” ይበሉት። ሰውነት ሙቀቱን የሚለምደው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በሰኔ ከሄደ ክፉው ጊዜ አልፎታል።

ጥር ላይ ደግሞ ሌሊቱ በጣም ይበርዳል። ሹራብ ይላኩለት። ይህን ማንም አይነግርዎትም።

ዜና ላይ ስለ ሚሳይል ሰማሁ። የዚያኑ ቀን ባለቤቴ ስልክ አላነሳም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም። ምን ልበል? (ሚስት፣ ከዳላስ)

እህቴ፣ አደጋ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ጃንዋሪ 2024 ዮርዳኖስ ውስጥ ታወር 22 በሚባለው ካምፕ ላይ በድሮን ጥቃት ሦስት ወታደሮች ሞተዋል። ጁን 2025 ኢራን ኳታር ያለውን አል ኡዴይድ አየር ኃይል ሰፈር በሚሳይል መታች፤ ያኔ የሞተ ሰው አልነበረም።

ዝምታው ግን ሌላ ምክንያት አለው። አንድ ነገር ሲደርስ ካምፑ ኢንተርኔቱንና ስልኩን ይዘጋል። የተጎዳ ሰው ቤተሰብ ከፌስቡክ ቀድሞ እንዲሰማ ተብሎ ነው። ዝም ያለው ካምፑ ሁሉ ነው፤ ባልሽ ብቻ አይደለም። ሞት ከደረሰ የአሜሪካ ጦር በስልክ አይነግርም። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ቤትሽ ድረስ ይመጣሉ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ። በሩ ካልተንኳኳ ዝምታው ዝምታ ብቻ ነው። ባለቤቴ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ ያኔ ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

ከአንቺ በኩል ደግሞ አደራ። የሚሄድበትን ወይም የሚመለስበትን ቀን፣ የካምፑን ፎቶ፣ የጓዶቹን ስም አትለጥፊ። በማኅበርም፣ በቲክቶክም። “ሐሙስ ይገባል” የምትል አንዲት ቃል የብዙ ሰው ጉዞ ታጋልጣለች።

ምን ልላክለት? እንጀራ ናፈቀኝ ይላል። (እናት፣ ከአትላንታ)

ትኩስ እንጀራ አይላኩ። ፖስታው ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሻግቶ ነው የሚደርሰው። ድርቆሽ ይላኩ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተፈጨ ቡና። ቅቤ አይሆንም። አክስቴ ለእኔ የላከችው ቅቤ ቀልጦ ሣጥኑን ሁሉ፣ ካልሲዬንም ጨምሮ፣ አጥቦት ደረሰ። ቸኮሌትም ያው ነው። መጠጥ ፈጽሞ አይላኩ። ጠጅም ሆነ አረቄ በኩዌት ሕግም በጦሩ ትእዛዝም ክልክል ነው፤ የሚቀጣው ልጅዎ ነው። የአሳማ ሥጋም አይገባም።

አድራሻው ኤፒኦ የሚባለው የጦሩ ፖስታ አድራሻ ነው። ዋጋው የአሜሪካ የአገር ውስጥ ፖስታ ዋጋ ነው፤ ግን የጉምሩክ ፎርም ይሞላል። የሣጥኑን ይዘት አንድ በአንድ ይጻፉ።

ትንሽ ጨምረው ይላኩለት። የበርበሬ ሽታ ድንኳን ውስጥ ሲነሳ ሰው ይሰበሰባል። እኔ ዘንድ ከቴክሳስም ከፖርቶ ሪኮም የመጡ ልጆች ድርቆሽ ፍርፍር ለመዱ። ዓርብ ማታ “ዛሬ አለ?” እያሉ ይመጡ ነበር። በእነዚያ ወሮች ውስጥ ቤቴ ያለሁ የመሰለኝ ያን ሰዓት ነው።

ሁዳዴን እዚያ መጾም ይቻላል? (ምልምል ወታደር፣ ከሚኒያፖሊስ)

ይቻላል። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሩዝ፣ ባቄላ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አይጠፋም። ሜዳ ላይ ከሆንክ ግን ያስቸግራል። ጦሩ ሜዳ ላይ ከሚያድላቸው 24 የታሸጉ የምግብ ዓይነቶች ሥጋ የሌለባቸው አራቱ ናቸው፤ እነሱም አይብ ሊኖርባቸው ስለሚችል ጽሑፉን አንብብ። ሐሩሩ ሲበረታ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ ልዋል አትበል። የንስሐ አባትህን አማክር፤ አባቶች ይህን ያውቁታል። ለቅርብ አለቃህም ንገር። ሙስሊም ጓደኞችህ በረመዳን እንዲሁ ያደርጋሉ። በረመዳን ከካምፕ ከወጣህ ደግሞ ቀን ላይ በአደባባይ መብላትም መጠጣትም በኩዌት ሕግ ያስቀጣል።

ወንድሜ እዚያ ነው። ያሳደገችን አክስታችን አዲስ አበባ አረፈች። እናቴ “እስኪመለስ አትንገሩት” አለች። ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። (እህት፣ ከሲያትል)

እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

እናትሽ ለምን እንዳለች ይገባኛል። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይኬዳል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ እንዲኖር ነው። በረሃ ላይ ማን ይይዘዋል ብላ ፈርታ ነው።

እኔ ግን ንገሩት እላለሁ። አያቴ ያረፈው እኔ ካምፕ ሳለሁ ነው። አራት ወር ደበቁኝ። በደወልኩ ቁጥር “አባባስ?” እላለሁ። “ተኝቷል”፣ “ጠበል ሄዷል” ይሉኛል። ለመድኃኒቱ ብዬ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ በሞተ ሰው ስም። ስመለስ ነገሩኝ። አርባው አልፏል፣ ለቅሶው አብቅቷል፣ ሰው ሁሉ ሐዘኑን ጨርሷል። እኔ ብቻዬን ጀመርኩ። ቤተሰቤን ይቅር ብያለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ “ደህና ነን” ሲሉኝ ለረጅም ጊዜ አላመንኳቸውም። ዛሬ ደግሞ እናንተ ብትደብቁት አንድ የሰፈር ልጅ ፌስቡክ ላይ “ነፍስ ይማር” ብሎ ይጽፍለታል።

መንገዱ ይህ ነው። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ ቁጥሩ 1-877-272-7337 ነው። የወንድምሽን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ ማዕረግ፣ የጦር ክፍሉን ስም ያዢ። ቀይ መስቀል ሞቱን ያረጋግጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ስልክ የሚያነሳ፣ የሆስፒታሉን ወይም የቀብሩን ወረቀት የያዘ ሰው አዘጋጁ። መልእክቱ ለአዛዡ ይደርሳል። ፈቃድ የሚሰጠውም አዛዡ ነው።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ የሚታሰበው ለእናት፣ ለአባት፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወንድምና ለእህት ነው። አክስት የለችበትም። “አክስቱ ሞተች” ካልሽ በዚያው ሊያልፍ ይችላል። “እንደ ወላጅ ሆና ያሳደገችው” ብለሽ ተናገሪ፤ ከስንት ዓመቱ እስከ ስንት ዓመቱ እንደሆነም ጨምሪ። እውነት ነው፤ ጦሩም ወላጅን ተክቶ ያሳደገን ሰው ያውቃል።

ከዚያ መርዶውን እዚያው እንደ መርዶ አድርጉት። ቻፕሊን የሚባል የጦሩ የሃይማኖት አገልጋይ አለ፤ ሲነገረው አብሮት እንዲቀመጥ ጠይቁ። ካምፑ ውስጥ ሐበሻ ካለ ፈልጋችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። የዚያን ሌሊት ብቻውን እንዳያድር። ወዲያው እናትሽ በስልክ ትግባ፤ አብረው ያልቅሱ። ኩዌትና አዲስ አበባ ሰዓታቸው እኩል ነው። እዚያ የሚያለቅሱትና እሱ አንድ ሌሊት ነው የሚያድሩት።

እህቴ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከአሜሪካ ጦር ጋር እዚያው መጣ። ሊገናኙ ይችላሉ? (ከደሴ)

ከባድ ነው፤ ተስፋ እንድትቆርጥ ግን አልፈልግም። እሱ እንደፈለገ ከካምፕ አይወጣም። የሚወጣው በፈቃድ፣ ብዙ ጊዜም ከጓዶቹ ጋር ነው። እሷ ወደ ካምፑ መግባት አትችልም። በኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣታል። የሥራ ሰዓቷም በቀን ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። ሕጉ እቤቱ ውስጥ ይከበር አይከበር እሷ ናት የምታውቀው። የዕረፍት ቀኗ ከእሱ ፈቃድ ጋር ከገጠመ በሕዝብ ቦታ፣ በገበያ ማዕከል መገናኘት ነው። አስቀድሞ አለቃውን ይጠይቅ።

አንድ ቀን በቡድን ወደ ገበያ ማዕከል ወጥተን ነበር፤ ሲቪል ለብሰን። ከኋላዬ “ኧረ ተው!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንዲት እህታችን የአሠሪዎቿን ሕፃን እያባበለች ነው። ሰላም አልኳት። ደነገጠች። የት ሀገር ልጅ እንደሆንኩ፣ እናቴ በሕይወት እንዳለች ጠየቀችኝ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ እመቤቷ ጠራቻት። “በል ውኃ ጠጣ፣ ፀሐዩ አይምታህ” ብላኝ ሄደች። እስከ ዛሬ አስባታለሁ።

በፌስቡክ የተዋወቅኩት አሜሪካዊ ካፒቴን በረሃ ላይ ነው ያለው። እረፍት ወጥቶ ሊያገባኝ ለፈቃዱ 1,500 ዶላር ላኪ አለኝ። (ከአዲስ አበባ)

እንዳትልኪ። ወታደር ለእረፍት ፈቃድ ክፍያ አይከፍልም። ለምግብም፣ ለሕክምናም፣ ለመመለሻ አውሮፕላንም አይከፍልም። ይህ ሌቦች የወታደር ፎቶ ሰርቀው የሚሠሩት የታወቀ ማጭበርበር ነው። በዶት ሚል (.mil) ከሚያልቅ የጦሩ አድራሻ ኢሜይል እንዲጽፍልሽ ጠይቂው፤ ሰበብ ያበዛል። አፍቅረሽው ከሆነ ሕመሙ እውነት ነው፤ አዝናለሁ። የላክሽው ካለ ለፖሊስና ለባንክሽ ዛሬውኑ አመልክቺ።

ናሽናል ጋርድ (ሲጠራ የሚዘምት የክፍለ ግዛት ጦር) ነኝ፤ በቅርቡ እሄዳለሁ። ገንዘቤን ምን ላድርግ? ዘመድ ከአሁኑ መጠየቅ ጀምሯል። (ከዴንቨር)

ወንድሜ፣ ኩዌት ከ1991 ጀምሮ በታክስ ሕግ እንደ ጦርነት ቀጠና ትቆጠራለች። በወሩ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ካገለገልክ የተራ ወታደርና የሰርጀንት የዚያ ወር ደመወዝ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ነው። ለዚህ አገልግሎት ከመጠራትህ በፊት የነበረብህ የመኪናና የክሬዲት ካርድ ዕዳ ወለዱ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ አለ፤ አበዳሪው ግን በራሱ አያደርገውም፤ ከጦሩ የተሰጠህን የመሄጃ ትእዛዝ አያይዘህ ጻፍለት። የምትሄደው ለ90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የቤት ኪራይ ውልህንም ማቋረጥ ትችላለህ።

ሴቪንግስ ዲፖዚት ፕሮግራም የሚባልም አለ። እስከ 10,000 ዶላር ታስቀምጣለህ፤ በዓመት 10 በመቶ ይወልዳል። እንዲህ የሚከፍል ባንክ የለም። የአንተ ምደባ ይፈቀድለት እንደሆነ የክፍልህን የገንዘብ ቢሮ በመጀመሪያው ወር ጠይቅ። ዕቁብ ከጀመርክ ዕጣውን የሚቀበልልህ አንድ የምታምነው ሰው በጽሑፍ ወክል። ለዘመድ ደግሞ ከመሄድህ በፊት በወር ይህን ያህል እልካለሁ ብለህ ቁርጡን ተናገር። በረሃ ላይ ሆኖ እምቢ ማለት በጣም ይከብዳል።

ከተመለስኩ ዓመት ሆነኝ፤ ሳሉ አልለቀቀኝም። አቧራው ይሆን? (ከላስ ቬጋስ)

ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይወስን። ሻማል የሚሉት ነፋስ ሲነሳ አቧራው ቀኑን ያጨልመዋል፤ ጥርስ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ቆሻሻ የሚቃጠልባቸው ጉድጓዶች ጭስም ነበር። ፓክት አክት የሚባለው ሕግ ኦገስት 10 ቀን 2022 ተፈርሟል። ኩዌት ውስጥ ከኦገስት 2 ቀን 1990 ወዲህ ያገለገለ ሰው ከታወቁት የሳንባና የካንሰር ሕመሞች አንዱ ከያዘው ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ ይታሰብለታል። ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም ይቀልልሃል። ወደ ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሂድ፤ ለምርመራውም አትክፈል። ሳሉ መቼ እንደጀመረህ፣ የትኛው ካምፕ ውስጥ እንደነበርክ፣ ማን አብሮህ እንደነበረ ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ከዓመት በኋላ ቀኑ ይጠፋብሃል።