አሮጌ ቫልቭ መልሶ ይገጠማል ወይስ ይጣላል?

ጥያቄ፦ 4ኤ ሞተር ያለው ኮሮላ አለኝ። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ ዘይትም ይቀንሳል። የ3ኛው ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የታመቀው አየር ግፊት) ወርዷል። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተፈቶ አንዱ መካኒክ 16ቱም ቫልቭ ይቀየር ይለኛል፤ ሌላው ተሞርዶ ይመለስ ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሳይለካ የተነገረዎትን ሁለቱንም ይተዉት። ቫልቭ በጅምላ አይፈረድበትም፤ እያንዳንዱ ከራሱ ጋይድ (ግንዱ ከሚመላለስበት ቱቦ) ጋር ይለካል። ካርቶን ላይ 16 ቀዳዳ ብሱና ቁጥር ጻፉ፤ ቫልቮቹ ሲወጡ በየቦታቸው ይሰኩ። ከተደባለቁ በኋላ የሚወሰደው ልክ ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ካርቦኑ ይጽዳ። የሽቦ ብሩሽ ለቫልቩ ራስ ይሆናል፤ ግንዱን ግን አያስነኩ። ከዚያ የ3ኛውን ሲሊንደር አስወጪ ቫልቮች ብርሃን ላይ አዙረው ይዩ። ጠርዙ ላይ እንደ ትንሽ ቦይ የተበላ ቦታ ካለ ተቃጥሏል፤ ኮምፕሬሽን የሚያመልጠው በዚያ ነው። ይህ አይሞረድም፣ ይጣላል። ግንዱ የተጣመመ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ ወይም የመቆለፊያው ቦይ የተበላም እንዲሁ። ጥመቱን ለማወቅ ግንዱን ወፍራም መስታወት ላይ ያንከባሉት፤ ራሱ ከተወዛወዘ ያዩታል።

ከዚህ ያለፈው በማይክሮሜትር ይለካ። የአስገቢው ግንድ አዲስ ሳለ ከ5.970 እስከ 5.985 ሚሊሜትር፣ የአስወጪው ከ5.965 እስከ 5.980 ነው። ጋይድ ውስጥ የሚመላለሰውን ክፍል ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለኩ፤ በየቦታው 90 ዲግሪ አዙረው ይድገሙ። ጥፍርዎን ግንዱ ላይ ሲያስኬዱ ደረጃ ከተሰማዎት መበላቱ ሳይለካም ታውቋል።

የጋይዱ ውስጥ ስፋት ከ6.010 እስከ 6.030 ነው። በግንዱና በጋይዱ መካከል ያለው ክፍተት ለአስገቢው ከ0.08፣ ለአስወጪው ከ0.10 ማለፍ የለበትም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የአስገቢው ግንድ 5.94፣ ጋይዱ 6.07 ሆነ እንበል፤ ክፍተቱ 0.13 ነው። 5.98 የሆነ አዲስ ቫልቭ ገዝተው ቢያስገቡም 0.09 ይቀራል፣ ገና ከልኩ በላይ ነው። ሌሊቱን ዘይት በግንዱ ዙሪያ መውረዱን ይቀጥላል፣ ጠዋት ጭሱ ይመለሳል። ጋይዱ መቀየር አለበት። የቫልቭ ሲሎቹ (ዘይት በግንዱ ዙሪያ እንዳይወርድ የሚከለክሉት ጎማዎች) ደግሞ ምንም ቢመስሉ አዲስ ይሁኑ፤ የደረቀ ሲል ብቻውን ይህን ጭስ ያመጣል። ጋይድ ከተቀየረ ሲቱም (ቫልቩ ሲዘጋ የሚያርፍበት ቀለበት) እንደገና ይቆረጥ፤ መሃሉ ከአዲሱ ጋይድ ጋር አይገጥምምና።

ግንዱ ደህና ሆኖ ፊቱ (ሲቱ ላይ የሚያርፈው ገጽ) ጉድጓድ ካወጣ ቶርኖ ቤት በ44.5 ዲግሪ ይሞረዳል፤ ሲቱ 45 ነው። ከተሞረደ በኋላ የቫልቩን ራስ የጠርዝ ውፍረት ይለኩ። አዲሱ ከ0.8 እስከ 1.2 ነው፤ ከ0.5 ካነሰ ይጣል። ቀጭን ጠርዝ ሙቀቱን ወደ ሲቱ ማስተላለፍ ያቅተዋል፣ ይግላል፣ ነዳጁን ያለጊዜው ያቀጣጥላል፣ በመጨረሻም ራሱ ይቃጠላል።

ጉድጓዱን በመፍጫ ፓስታ ብቻ እናጥፋው የሚል ካለ አይፍቀዱ። ፓስታው ቫልቩን ሲበላ ሲቱንም ይበላል፣ የመግጠሚያው መስመር ይሰፋል። መስመሩ ከ1.0 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ሆኖ የፊቱ መሃል ላይ ማረፍ አለበት። ፓስታ ከተሞረደ በኋላ ለቀላል ማስማሚያ ይበቃል፤ ከዚያም አንዲት ፍሬ እንዳትቀር ይታጠብ።

ሥራው ሲያልቅ ካንዴላዎቹን አስረው ቴስታታውን ይገልብጡና የማቃጠያ ክፍሎቹን በነጭ ጋዝ ይሙሉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በማስገቢያና በማስወጫ ቀዳዳዎቹ በኩል እርጥበት ካዩ ያ ቫልቭ ገና አልገጠመም።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ቫልቩና ሲቱ ሲሞረዱ ግንዱ ወደ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ገፍቶ ወደሚከፍተው ዘንግ) ይጠጋል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተትም ይጠብባል። በዚህ ሞተር ይህ ክፍተት የሚስተካከለው በሺም (ከቫልቩ በላይ በሚቀመጥ ስስ ብረት) ነው፤ ቴስታታው ሲገጣጠም ክፍተቱ ተለክቶ ቀጭን ሺም ይግባ። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሲሞቅ አይዘጋም፣ አዲስ የተገዛውም በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል።