ኮክፒቱ በበሩ ይወጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእጅ ሥራ አምድ

ባለፈው እትም ስለ ቁም ሳጥን መሳቢያ ስመልስ፣ ለገጣፎ ቤቴ ሰርቪስ ውስጥ ስለሠራሁት የእንጨት ኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪ ክፍል፣ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። በኮምፒውተር ለሚበረር አውሮፕላን ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መሳቢያ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከመጡት ደብዳቤዎች ሦስቱን ዛሬ እመልሳለሁ። ለመጀመሪያው ረዘም አደርጋለሁ፤ ልጁ ገንዘቡን ሊያወጣ አንድ ሳምንት ነው የቀረው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ቤቱ ውስጥ ለሠራው የቦይንግ 737 ኮክፒት ያዘጋጀውን የመቁረጫ ፕላን ለሁሉም በነፃ አካፍሏል። ፋይሎቹን አውርጃለሁ፤ ፒዲኤፍም፣ ማሽን የሚያነበው ዲኤክስኤፍ የሚባል የሥዕል ፋይልም አላቸው። ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ቦርድ) ይላል። ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን ያለው ሰውም አግኝቻለሁ። "ፋይሉን ብቻ ስጠኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው" ብሎኛል። የሚቀጥለው ሳምንት ላስቆርጥ ነው። ልቀጥል ወይስ የረሳሁት ነገር አለ? አናጺ አይደለሁም፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ።

መልስ፦ ትንሽ ቆይ ወንድሜ። ሁለት ቅዳሜ ብትታገስ ይበቃል።

"ሌላውን ለእኔ ተወው" የሚል ሰው እኔም ገጥሞኛል። አላታለለኝም። የሰጠሁትን ፋይል አንድ መስመር ሳያዛንፍ ቆረጠልኝ። ጉዱም እሱ ነው። ማሽን መስመር ይከተላል እንጂ የገዛኸው ቦርድ ስንት ሚሊ እንደሆነ አይጠይቅህም።

ፕላኑን ክፈትና የጎኑን ሰሌዳ እየው። ሰሌዳው ከሌላው ጋር የሚገጥመው በጥርስና በጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ 18 ሚሊ ተደርጎ ተስሏል፤ የሰውዬው ቦርድ 18 ነበራ። እኔ "ባለ 18" ተብሎ የተሸጠልኝን ቦርድ ውፍረቱን በካሊፐር (በትንሽ መለኪያ) ስለካው 17.2 ሆኖ ተገኘ። በሌላው ጫፍ 17.4። የለካሁት ግን ከተቆረጠ በኋላ ነው! አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም፣ ምን ያመጣል አልኩ። አንድ መጋጠሚያ ቢሆን ኮላ ይሸፍነዋል። እኔ ግን አሥራ አራት መጋጠሚያ ነበረኝ። እያንዳንዱ በጥቂቱ ሲላላ ድምሩ ብዙ ነው፤ ለአንተ ለሂሳብ ሰው ይህን አልነግርህም። አንድ ማብሪያ በተጫንኩ ቁጥር ሣጥኑ በሙሉ እንደ አሮጌ አልጋ ወደ ጎን ይሄድ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦርዱን ግዛ። አራቱንም ማዕዘን ለካ። ከዚያ ለማሽኑ ባለቤት "ጉድጓዶቹን በዚህ ቦርድ ልክ አስተካክልልኝ፣ ሁለት አሥረኛ ሚሊ ብቻ ጨምርበት" በለው። ሙሉውን ከማስቆረጥህ በፊት ደግሞ አንድ ጥርስና አንድ ጉድጓድ ብቻ፣ መዳፍ በሚያህል ቁራጭ ላይ ያውጣልህ። በእጅ ገፋ ሲደረግ መግባት አለበት። መዶሻ ከፈለገ ጠቧል፤ ገልብጠኸው ራሱ ከወደቀ ሰፍቷል።

ማዕዘኑንም እይ። የሲኤንሲ መቁረጫ እየተሽከረከረ የሚሄድ ክብ ብረት ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ከሆነ የጉድጓዱ ውስጠኛ ማዕዘን ላይ ባለ 3 ሚሊ ራዲየስ ቅስት ትቶ ያልፋል። ጥርሱ ግን ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፣ እስከ ታች አይገባም። ጎበዝ ፕላን ሠሪ እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያክልበታል። ያንተ ፕላን ያ ክብ ከሌለው ወይ ይጨመርበት፣ ወይ መሮ ይዘህ ማታ ማታ ትፈለፍላለህ። እኔ ፈልፍያለሁ። አልመክርህም።

ስለ መጠኑ። ዲኤክስኤፍ ፋይል ብዙ ጊዜ ቁጥሩን እንጂ መለኪያውን አይናገርም። በኢንች የተሳለውን ማሽኑ በሚሊሜትር ካነበበው ሥራህ 25.4 ጊዜ አንሶ ይወጣል። ያ እንኳ ወዲያው ይታያል፣ ስቀህ ታልፈዋለህ። የሚያናድደው ፒዲኤፉ ነው። ማተሚያው ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማብቃቃት ሲል በመቶ ሦስት ወይም አራት ያሳንሰዋል፤ ዓይን ደግሞ አያየውም። መቶ በመቶ በሚለው አትም። ማረጋገጫ ልስጥህ፦ በእውነተኛው አውሮፕላን በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ያሉት የሬዲዮ ፓነሎች ስፋታቸው 5.75 ኢንች፣ ማለትም 146 ሚሊ ነው። የፕላንህን የመሃል ሣጥን በማስመሪያ ለካ። የፓነሉ ስፋት 140 ከሆነ ማተሚያህ እየቀለደብህ ነው።

አሁን ወደ አራተኛ ፎቅህ እንምጣ። አንድ ሙሉ የኤምዲኤፍ ቦርድ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ባለ 18ቱ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። ለዚህ ፕላን ደግሞ አንድ ቦርድ አይበቃህም። ሊፍት የላችሁም። ከጫኝና አውራጅ ልጆች ጋር ሳትስማማ ቦርድ ጭነህ ግቢ እንዳትገባ፣ የኮንዶሚኒየም ሰው ስለሆንክ ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። የሚሻለው እዚያው ተቆርጦ ቁርጥራጩን በሁለት ሦስት ዙር ማውጣት ነው። ዝናብ እንዳይነካው ግን። ኤምዲኤፍ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም።

ወጣ እንበል። ይገባል? እኔን ያየህ ተቀጣ። ፕላኑ ለአንድ ሰው የሚሆን፣ 94 ሳንቲ ስፋት ያለው ነበር። ሰርቪሱ ውስጥ ገጠምኩት፣ ኮላ አደረግኩበት፣ ስቱኮ መታሁት፣ ግራጫ ቀለም ቀባሁት። አማረ። ወራት አለፉና የልጄ ሰርግ ደረሰ። ሰርቪሱ ለድግስ ዕቃ ተፈለገ። የሰርቪሱ የብረት በር ክፍተቱ 76 ሳንቲ ነው። በአግድም ሞከርነው፣ በቁም ሞከርነው፣ አማቼ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አውልቀው ገፉ። መቃኑ በሲሚንቶ የተያዘ ነው፣ አይነቀልም። መጨረሻ ላይ በገዛ እጄ በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩት። ባለቤቴ የጎመን መክተፊያውን እንደያዘች በር ላይ ቆማ "ተከሰከሰ?" አለችኝ። ዛሬ ሁለቱ ግማሾች በብሎንና በዳዶ ነው የተያያዙት። የተቆረጠበት መስመር አሁንም ያስታውቃል።

የአንተን በር ዛሬ ማታ ለካ። የደረጃውን ማጠፊያም ለካ። ከዚያ ፕላኑን ከዚያ ስፋት በማይበልጡ ክፍሎች ከፋፍለውና በብሎን የሚፈታ አድርገው። ኮላ ባትነካ ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ተከራይ ከሆንክ ደግሞ አከራይህ "ልቀቅ" የሚልበትን ቀን አታውቀውም።

እና እውነቱን ልንገርህ፣ ሙሉው 737 ላንተ ቤት አይሆንም። ሁለት ወንበር፣ የመሃል ሣጥን፣ ከላይ ያለው ፓነል፣ ይህ ሁሉ ሲገጠም አልጋህን የት ልታደርገው ነው? ለአንድ ሰው፣ ሴስና 172 ለምትባለው ትንሽ አውሮፕላን በሚሆን ሠሌዳ ጀምር። ይህ አውሮፕላን በ1955 ነው መጀመሪያ የበረረው፣ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። የሚያስፈልገው አንድ መሪ፣ ሁለት ፔዳልና ጥቂት ክብ ጌጆች፣ ማለትም ፍጥነትና ከፍታ የመሳሰሉትን የሚያሳዩ መለኪያዎች ናቸው። የጌጆቹ ቀዳዳ 79.4 ሚሊ ነው፤ ሦስት ኢንች ከአንድ ስምንተኛ ማለት ነው። ሰሌዳውን ከባለ 6 ሚሊ ኤምዲኤፍ ቆርጠህ ከኋላው አንድ አሮጌ ስክሪን ትለጥፋለህ። ጌጆቹ ስክሪኑ ላይ ይሳላሉ፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ይታያሉ። አንድም እውነተኛ ጌጅ አልገዛህም ማለት ነው። የ737ቱን ፋይል አስቀምጠው፣ ቤት ስትሠራ ይደርሳል።

ከቆረጣው በፊት ግን የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ለካርቶን ስጣት። የፍሪጅ ካርቶን ሰፈር ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ለምን። ፕላኑን በልኩ ካርቶን ላይ አውጣና በፕላስተር አቁመው። ወንበር አስገባና ተቀመጥ። የእኔ ወንበር ከሶማሌ ተራ የመጣ የቪትዝ ወንበር ነው፣ ሐዲዱ አብሮት ስላለ ወደፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። የፕላኑ ባለቤት ረጅም ሰው መሆን አለበት። እኔ 1 ሜትር ከ65 ነኝ። ስቀመጥ አገጬ ሰሌዳው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ይህን ያወቅኩት በካርቶን ሳይሆን በእንጨት ነው፤ አንተ በካርቶን እወቀው። ጉልበትህ መሪውን ይነካል? እግርህ ፔዳሉ ላይ ደርሶ ይታጠፋል? ዓይንህ ከስክሪኑ መሃል ጋር ይተካከላል?

አንድ ነገር ልጨምር። ወንበሩና ፔዳሉ አንድ የወለል ሰሌዳ ላይ ይታሰሩ። ካልታሰሩ ሴራሚክ ላይ ፔዳሉን በረገጥክ ቁጥር ፔዳሉ ወደ ግድግዳ ይሸሻል፣ አንተ ደግሞ ወደ ኋላ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከሰበታ ነው የምጽፍልዎ። የ15 ዓመት ልጄ በካርቶን የአውሮፕላን መሪና ሰሌዳ ሠርቷል። አሁን ደግሞ ሽቦና "አርዱይኖ" የሚባል ነገር ካልተገዛልኝ ብሎ ቤቱን ረብሾታል። ኤሌክትሪክ ይይዘዋል ብዬ ፈራሁ። ደግሞስ እዚያ የበረረው ሰዓት በኋላ ፓይለት ለመሆን ይቆጠርለታል?

መልስ፦ እህቴ፣ አርዱይኖ ማብሪያና መሪን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ገመድ የሚመጣ 5 ቮልት ነው የሚጠቀመው። አይይዘውም። የሚያስፈራው ከጀርባው ያለው ባለ 220 ማከፋፈያ ነው፣ በተለይ ሦስት ቦታ በፕላስተር የተጠቀለለው። እሱን ይቀይሩት።

ሊዮናርዶ የሚባለውን ዓይነት ይግዛ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ራሱን እንደ ጆይስቲክ ማስተዋወቅ ይችላል፣ ኡኖ የሚባለው ግን እንዲህ በቀላሉ አይሆንለትም። ለመሪውና ለፔዳሉ ባለ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር ይበቃዋል። የድሮ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፤ ከተበላሸ ቴፕ ውስጥ ፈትቶ ቢሞክር ብዙ ጊዜ ይሠራል። የሬዲዮው አንዳንዴ ጫፍ ላይ ብቻ ቶሎ ይጨምራልና አዲስ ከተገዛ ቀጥ ባለ መስመር የሚጨምረው ይሁን። ፕሮግራሙን በተመለከተ ፍላይትጊር የሚባለው በነፃ ነው። የሚበርበትን አካባቢ ካርታ አስቀድሞ ካወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይበራል።

ሰዓቱ ለፈቃድ አይቆጠርም። የሚቆጠረው በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሣሪያ ላይ፣ ከአስተማሪ ጋር የተሠራው ነው። ግን ጌጅ ማንበብና አቅጣጫ መያዝ ይለምዳል። ሽቦ መበየድም ይማራል፣ ቢያንስ የእርስዎን ምጣድ ይጠግንልዎታል። እንጨት መቁረጥ ሲጀምር ግን ማስክ ያድርግ፣ የኤምዲኤፍ አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው። ምጣዱን እንዲጠግን ሲያዙትም መጀመሪያ ከሶኬት ይንቀሉት!

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ከሱሉልታ። ኮክፒቴ አልቋል፣ ሁሉም ይሠራል። ግን ሴስናዬ ከቦሌ አልነሳም አለኝ። ናይሮቢም ሞምባሳም ሞክሬዋለሁ፣ ሞምባሳ ላይ ወፍ ነው። ቦሌ ላይ ግን ሞተሩ ያስላል። የነዳጅ መስጫውን በተሳሳተ ፖቴንሽዮሜትር ሠርቼው ይሆን?

መልስ፦ ፖቴንሽዮሜትርህን አትንካው። ሞምባሳ ባሕር ዳር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ በአብራሪዎቹ አቆጣጠር 7,600 ጫማ ገደማ። አየሩ ስስ ነው። የሴስና ዓይነት ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ሩብ የሚሆነውን ጉልበቱን ያጣል። ቀይዋን እጀታ፣ ነዳጁ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀልበትን መጠን የምትወስነውን ሚክስቸር፣ እንደ ሞምባሳ እስከ መጨረሻው ገፍተህ ከተውካት ደግሞ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል። የሚያስለው ለዚህ ነው።

መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቁም። ፍሬን ያዝ፣ ጋዙን ሙሉ ስጥ። ቀይዋን ቀስ እያልክ ወደ ራስህ ሳብ። የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። መውረድ ሲጀምር ትንሽ መልሰህ ግፋት። በቃ። ፕሮግራምህ ሚክስቸሩን ራሱ እንዲያስተካክል ማዘዝም ይቻላል፣ ግን ያን ያህል እንጨት ቆርጠህ እጀታውን ከሠራህ በኋላ ለምን?

ፍጥነቱን ከጌጁ እንጂ ከመሬቱ አትገምት። ጌጁ ላይ ከሞምባሳው ጋር እኩል በሆነ ፍጥነት ይነሳል፣ መሬቱ ግን በፍጥነት ይሮጥብሃል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። አትቸኩል፣ አፍንጫውን ቀድመህ አታንሳ። ከተነሳህም በኋላ በቀጥታ ወደ ሰሜን አትጠምዘዝ፣ እንጦጦ አለ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካልተነሳ፣ ፍሬኑን ለቀኸው እንደሆነ እይ። እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ እሱ ነው።