ጀርመን ስንገባ የመንግሥቱን የጤና ኢንሹራንስ እንያዝ ወይስ የግሉን?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሙኒክ ውስጥ በሶፍትዌር ሙያ ተቀጥሯል፤ ደመወዙ በዓመት 82,000 ዩሮ ነው። አንድ ደላላ የግል የጤና ኢንሹራንስ ይረክሳችኋል ብሎ ፎርም ልኮለታል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትንሹ አስም አለበት። እኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ለጊዜው ሥራ አልይዝም። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ እህታችን፣ ባለቤትዎ ያንን ፎርም እንዳይፈርሙ። በግሉ ኢንሹራንስ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ለየብቻው ይከፈልበታል። ከውሉ በፊት የጤና ጥያቄዎች አሉ፤ የልጅዎ አስም ክፍያውን ሊያስወድድ ወይም ጭራሽ ሊያስከለክል ይችላል። አስሙን ደብቆ መፈረም ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲደረስበት ውሉ ሊፈርስ ይችላል።

በመንግሥታዊው፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ክራንከንካሴ» በሚሉት፣ ባለቤትዎ አባል ከሆኑ ገቢ የሌላችሁ እርስዎና ልጆቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትታቀፋላችሁ። ስለ በሽታ ማንም አይጠይቅም። በ2026 መዋጮው የሚሰላው እስከ 5,812.50 ዩሮ ወርኃዊ ገቢ ድረስ ብቻ ነው። ከአሠሪው ድርሻ ውጭ ከባለቤትዎ በወር የሚቆረጠው ወደ 509 ዩሮ ይደርሳል፤ ራስን መንከባከብ ሲያቅት የሚያገለግለው የእንክብካቤ ኢንሹራንስ መዋጮ ለብቻው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። ደመወዙ ከ2026ቱ የግዴታ አባልነት ጣሪያ፣ በዓመት 77,400 ዩሮ፣ ስለሚበልጥ አባልነቱ በራሱ አይመጣም፤ ማመልከት ያስፈልጋል። ጀርመን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው የተሰጠው ጊዜ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ 3 ወር ነው። ካለፈ፣ ደመወዙ ከጣሪያው ካልወረደ በቀር በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ባለቤትዎ በመጀመሪያው ሳምንት ከክራንከንካሴዎቹ፣ ለምሳሌ ከአኦካ (AOK)፣ ከቴካ (TK) ወይም ከባርመር (Barmer)፣ አንዱን መርጠው ያመልክቱ፣ ማረጋገጫውንም ለአሠሪው ይስጡ። የቤተሰቡን ፎርም የሚሞሉት እሳቸው ናቸው፤ የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀቶቹን ወደ ጀርመንኛ አስተርጉማችሁ ያዙ። ካርዱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያ ጊዜያዊ የአባልነት ማረጋገጫ ጠይቁ፣ ሐኪም ቤት ይቀበለዋል። ለካርዱ ፎቶ የሚጠየቀው 15 ዓመት ለሞላው ነው።

ባለቤትዎ ቀድመው ቢሄዱ እርስዎና ልጆቹ የምትታቀፉት ጀርመን መኖር ስትጀምሩ ነው። ለመሃሉ የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዙ የእርግዝናና የነባር በሽታ አንቀጾችን በደንብ ያንብቡ፤ ብዙዎቹ አይሸፍኗቸውም።

የልጅዎ ሰማያዊ ኢንሄለር ሳልቡታሞል ከሆነ ጀርመን ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ለጥቂት ወራት የሚበቃውን ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር ይያዙ፤ ደብዳቤው ላይ ከንግድ ስሙ ይልቅ የመድኃኒቱ ስም ይጻፍ። የእርግዝና ክትትል ውጤቶችዎንም አይርሱ። የአዋላጅን ወጪ ክራንከንካሴው ይከፍላል፤ ግን አዋላጆች ቶሎ ስለሚያዙ እንደደረሱ መፈለግ ይጀምሩ።