ሜካፕ ቁም ነገር ነው፤ ነርሲንጉን ግን አታቋርጪ

ውድ ጠያቂያችን፣

የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ መሆንሽን፣ ልብሽ ግን ሜካፕ ላይ ስላለ ትምህርቱን አቋርጠሽ ወደ ሜካፕ ማሠልጠኛ ለመግባት ማሰብሽን፣ አባትሽም «ፊት ለመቀባት የምከፍለው ገንዘብ የለኝም» ማለታቸውን ጽፈሽልኛል። ዕድሜዬ አልፏል ወይ ላልሽው፣ በሃያ ሁለት ዓመት የሚያልፍ ነገር የለም። የመሣሪያው ወጪም ቢሆን ለጀማሪ ጥቂት ብሩሾችና መሠረታዊ ቀለሞች ስለሚበቁ ያን ያህል አያስፈራም። ዝም ብዬ ላልፈው ያልቻልኩት የአባትሽን ንግግር ነው።

አባትሽ ቅር አይበላቸውና፣ ተሳስተዋል። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት የጤና ባለሙያዎችን አሠለጥን ስለነበር፣ ሜካፕ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ሙሽራ ሳትሆን የልምምድ ሕመምተኛ ናት። በጤነኛ ሰው ወይም በማስተማሪያ አሻንጉሊት ላይ ቁስልና የሕመም ምልክት አስመስሎ መሥራት ሙላዥ ይባላል። ከንፈርና ጥፍር ላይ በስሱ የተቀባ ግራጫ የቀላቀለ ሰማያዊ የኦክስጅን እጥረትን ያሳያል፤ ለብ ያለ ጄላቲን ቆዳ ላይ ሲረጋ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ይመስላል፤ ፊቱ አመድ እንዲመስል በተደረገ ሰው ግንባር ላይ ግሊሰሪን የገባበት ውሃ ሲረጭ ደግሞ፣ ላቡ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ተማሪው ማንም ሳይነግረው «ይህ ሰው ውስጥ ውስጡን ደም እየፈሰሰው ይሆን?» ብሎ እንዲጠረጥር ያስገድደዋል። «ሕመምተኛው ገርጥቷል» የሚለውን ወረቀት ላይ ያነበበና መገርጣቱን በዓይኑ የለየ ተማሪ እኩል አይደሉም።

ጠባሳን፣ ለምጽንና የውልደት ምልክትን መሸፈንም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቀይ ምልክት ቆዳ በሚመስል ቀለም ብቻ ሲሸፈን ቅላቱ መልሶ ብቅ ይላል፤ አስቀድሞ ስስ አረንጓዴ ሲቀባበት ግን ይከስማል። ፊቷ ላይ ቀይ የውልደት ምልክት የነበረባት አሜሪካዊቷ ሊዲያ ኦሊሪ ለራሷ ብላ የሠራችውን መሸፈኛ ክሬም እ.ኤ.አ. በ1932 በፓተንት አስመዝግባ መተዳደሪያዋ አድርጋዋለች። ይህን ከንቱ ጌጥ የሚል ሰው፣ ጠባሳው ላይ በሚያፈጥ ሕዝብ መሀል ሥራ ፍለጋ ወጥቶ አያውቅም።

ይህን ማለቴ ግን ላንቺ ውሳኔ መፍረዴ አይደለም። የሙላዥ ሥራ በአብዛኛው በትርፍ ሰዓት የሚሠራ በመሆኑ ብቻውን ላያኖርሽ ይችላል፤ ፊልምም አለ፣ ገቢው ግን ወር ጠብቆ አይመጣም። ከዚህም በላይ፣ ብሩሽ አያያዝ በአጭር ኮርስ ይለመዳል፤ ቃጠሎ በሁለተኛው ቀን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ዓይን ግን የሚገኘው አሁን ልትተዪው ባሰብሽው ትምህርት ውስጥ ነው።

ስለዚህ የክህሎት ላቦራቶሪያችሁን ኃላፊ ቀርበሽ፣ ለሚቀጥለው የተግባር ልምምድ አንድ ሕመምተኛ እንድታዘጋጂ እንዲፈቅዱልሽ ጠይቂ። ቆዳው የሚቆጣ መሆኑን ለማወቅ ቀለሙን ቀደም ብለሽ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሞክሪ፤ የሠራሽውንም በባለቤቱ ፈቃድ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ። ስለ ኮርሱ ክፍያ ከአባትሽ ጋር የምትነጋገሪው እነዚያን ፎቶዎች ይዘሽ ይሁን።