ከበቆሎ አገዳ የተሠራው አውራ ዶሮ

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሰሞኑን ሱቄ የሚመጡ ወጣቶች አርዱይኖ የሚባለውን፣ ኮምፒውተር ላይ በተጻፈ ኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ በዚህ ምን ቁም ነገር ይሠራል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቁም ነገሩን ለጊዜው ተዉት፣ መጀመሪያ ተጫወቱበት እላለሁ። ከልቤ ነው።

እኛ ከብት ስንጠብቅ የጭቃ በሬ እንሠራ ነበር። የሽቦ መኪናም እንሠራለን፣ ጎማው ቆርኪ ነው። ምን ይጠቅማል ያለን ሰው አልነበረም። ጎማው አልዞር ካለ ግን እስኪዞር ድረስ ምሳ ትዝ አይለንም። ያንን እልህ ነው ለእናንተ የምመኝላችሁ።

አርዱይኖም ቢሆን በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ሲጀመር ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ ነው። ከአርዱይኖ ቦርዶች ኡኖ የሚባለው ሥራ ላይ እያለ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። በስልክ ያነሳችሁት አንድ ፎቶ እንኳ አይገባበትም። ዶሮ ለማስጮህ ግን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ዶሮ ያልኩት በምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት ከልጅ ልጄ ጋር ሲነጋ የሚጮህ አውራ ዶሮ ሠራን። ገላው የበቆሎ አገዳ ነው። ጅራቱ ከእንቁጣጣሽ ዶሮ የተረፈ እውነተኛ ላባ። ስፒከሩን ከሞተ ሬዲዮ አወጣንና ድምፁን በአንድ ትራንዚስተር አጎላነው። ዓይኑ ብርሃን የሚለይ ሬዚስተር ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ ያሳልፋል፣ ሲጨልምበት ያግዳል። ከ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ስታያይዙት ቦርዱ ብርሃኑን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ያነባል። እኛም 500 ሲያልፍ ጩኽ አልነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ጮኸ። ግን አላቆም አለ። ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ላፕቶፑን ሰክተን ቁጥሩን ስናይ 498፣ 503፣ 499፣ 506 ይላል። ንጋት እንደ ማብሪያ ቀጭ ብሎ አይመጣም፤ ደመና ያልፋል፣ ይመለሳል። ቁጥሩ 500ን በተሻገረ ቁጥር ዶሮው እንደ አዲስ ነጋ ይላል። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «አንዴ ከጮኸ እስኪመሽ ዝም ይበላ!» አለች። በቃ፣ 600 ሲያልፍ እንዲጮህ፣ ከዚያ ከ300 በታች እስኪወርድ ድረስ ዳግም እንዳይጮህ አደረግነው። ይህ ዘዴ ሂስተሪሲስ ይባላል። የፍሪጅ ቴርሞስታትም በዚሁ ነው የሚሠራው። እሷ ስሙን የሰማችው ዘዴውን ራሷ ካገኘችው በኋላ ነው።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። የጎጃምን የሐምሌ መብረቅ ታውቁታላችሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ብልጭ ሲል ዶሮው ተነስቶ ጮኸ። እንደገና ኮዱን ከፈትን። ብርሃኑ አንድ ደቂቃ ሙሉ ካልቆየ አትመን አልነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከመጽሐፍ ላስተምራት ብል ኖሮ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

እናንተም ስትጀምሩ ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላየሁም ካለ፣ ተበላሸ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል አለ፤ የቦርዱ መብራት ይበራል፣ ኮድ ግን አያልፍም። መብራት ቢሄድ የጫናችሁት ኮድ አይጠፋም። በፓወር ባንክ ማስነሳትም ይቻላል፤ ብቻ ቦርዱ የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ሰው የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል። ኢኤስፒ32 የሚባለው ሌላ ቦርድ ያላችሁ ደግሞ ፒኖቹ፣ ማለትም ሽቦ የሚያያዝባቸው እግሮቹ፣ የለመዱት 3.3 ቮልት ነው፣ 5 እንዳትሰጧቸው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ጨዋታችሁ ከ5 ቮልት አይውጣ። የግድግዳው 220 ቮልት ምን እንደሚያደርግ ግራ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ ያውቃል። ከአሮጌ ስልክ የወጣ ባትሪም አትብሱ፣ በላዩ ላይም አትበይዱ።

ቦርድ መግዛት ያልቻላችሁ ዎክዊ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ቦርዱንም፣ ሽቦውንም፣ መብራቱንም ስክሪን ላይ አስቀምጣችሁ ኮዳችሁን በነፃ መሞከር ትችላላችሁ። የወንድሜ ልጅ ፍኖተ ሰላም ሆኖ ሁለት ወር የተማረው በዚያ ብቻ ነው።

የልጅ ልጄ አሁን ዶሮው ሲጮህ አንገቱን ያዙር እያለች ነው። ሰርቮ የሚባል፣ በታዘዘው ልክ ዞሮ የሚቆም ትንሽ ሞተር ገጠምንለት። አንገቱ ሊዞር ሲል ቦርዱ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፣ ሞተሩ ኃይሉን ሁሉ ይስብበታል መሰለኝ። እሁድ ለሞተሩ የራሱን ባትሪ እንሰጠዋለን፣ ኔጌቲቩን ከቦርዱ ጋር አገናኝተን።