ተራራው ጎጆው ላይ ተደፋብኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዘዞ ነው። በእርሳስ ስሞካክር ቆይቼ አሁን የዘይት ቀለም ጀመርኩ። ከካላንደር ላይ የገጠር መንደር እየቀዳሁ ነው፤ ጎጆዎች፣ የደረሰ የጤፍ ማሳ፣ ከኋላ ተራሮች። ጎጆዎቹ አልከፉም። ተራሮቹ ግን ጎጆዎቹ ላይ የተደፉ ይመስላሉ። አረንጓዴው እንደ ፕላስቲክ ሆነብኝ፤ ቀለሙም አልደርቅ አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ «ኩረጃ ስዕል አይደለም» ይሉኛል። ጎረቤታችን ግን ሲያልቅ ልግዛው ብላለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጓደኞችሽን ነገር ቶሎ እንለፈው። ታዋቂው የሆላንድ ሰዓሊ ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890፣ የራሱን ድንቅ ስዕሎች እየሳለ፣ ጎን ለጎን የፈረንሳዊውን ሰዓሊ የሚሌን ሥራዎች ይቀዳ ነበር። የእኛም የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች የመምህራቸውን እየቀዱ ነው እጃቸውን የፈቱት። ቅጂ ነውር የለውም።

ዋናው ጣጣ ተራራው ነው። የጎጆውን ደጅ የቀባሽበትን ጥቁር አረንጓዴ ተራራው ላይም ደግመሽዋል ብዬ እገምታለሁ። በአንቺና በተራራው መሀል ብዙ አየር አለ። ርቀቱ ሲጨምር ጥቁሩ ይፈዛል፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል። ካላመንሽኝ ከጎንደር በደባርቅ መንገድ ሄደሽ ኮሶዬ ላይ ውረጂና ቁልቁል ተመልከቺ። እግርሽ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ቅጠሉን ትለዪዋለሽ። ቀጥሎ ያለው ሸንተረር ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። የመጨረሻው ከሰማዩ ለመለየትም ያስቸግራል። ርካሽ የካላንደር ህትመት ይሄን ሁሉ ድርብርብ አንድ ላይ ያጨልመዋል፤ አንቺም ያየሽውን ነው የቀዳሽው።

ስለዚህ ለሩቁ ተራራ አረንጓዴ የሚባል አትንኪ። ነጩን አብዢ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ ጨምሪ፣ ቡኒ በብሩሽ ጫፍ ብቻ። መጀመሪያ ሰማዩን፣ ከዚያ ሩቁን፣ ጎጆዎቹን መጨረሻ። በየመሀሉ ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ እዪው። ተራራው ከጎጆው ጥላ እኩል ከጠቆረ ገና ነው።

አረንጓዴውን ከቱቦው እንዳለ አትቀቢ። አልትራማሪንና የኦከር ቢጫ ብትቀላቅዪ የእኛ አገር ሣር ይመጣልሻል። የግድ የቱቦውን ከሆነ ትንሽ ቀይ ቡኒ ጣል አድርጊበት፤ ጩኸቱ ይበርዳል። የደረሰ ጤፍ ላይማ አረንጓዴ ምን ይሠራል?

አልደርቅ ማለቱን በተመለከተ፦ የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ከወፈረ ወይም ዘይት ከበዛበት ይቆያል። የመጀመሪያውን ንብርብር በአኳራጅ አቅጥኚው፤ ዘይቱን ከላይ በሚመጡት ንብርብሮች ላይ ጨምሪ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥሽው የላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ብቻ የወጥ ዘይት እንዳልጨመርሽበት! የረጋው ዘይት ከሆነ ዘላለም አይደርቅም፤ ፍቀሽ እንደገና ጀምሪ። ቡኒ ቶሎ ይደርቃል፣ ነጭ ግን ይጎትታል፤ ታገሺው።

አንድ ነገር አደራ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጨምድደሽ ጥግ እንዳትጥዪ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ጨርቁ ያለ ክብሪት ይነዳል። ደጅ ዘርግተሽ አስጪው፣ ወይም ውሃ ያለበት ክዳናም ጣሳ ውስጥ ክተቺው። ስትሠሪም መስኮቱን ክፈቺ፤ የአኳራጅ ሽታ ራስ ያዞራል።

ጎረቤትሽን በተመለከተ፣ ፎቶው የሰው ሥራ ነው። ከመሸጥሽ በፊት ባለቤቱን አፈላልገሽ አስፈቅጂ። ሸራው ጀርባ ላይም «ከካላንደር ፎቶ የተቀዳ» ብለሽ ጻፊበት።