ውሃውን ሳይነጋ ለኩት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በውሃ ጥራት ሥራ ነው ያሳለፍኩት። ወጣት ሳለሁ የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ከሐይቅ ናሙና የምወስደው እኩለ ቀን ላይ ነበር። በውሃው ውስጥ የሟሟው፣ ዓሣው የሚተነፍሰው ኦክስጅን ሁሌም ጥሩ ይወጣል። እኔም "ሐይቁ ደህና ነው" ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ "ልጄ፣ ዓሣው እኮ የሚሞተው ሊነጋ ሲል ነው" አሉኝ። አብሬያቸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወጣሁ። የኦክስጅኑ ቁጥር የቀኑን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ያን ቀን በጣም ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማ ፍሳሽ ከሽንት ቤትና ከልብስ እጥበት ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይዞ ይመጣል። ይሄ ለአልጌ፣ ውሃውን አረንጓዴ ለሚያደርገው ደቃቅ የውሃ ውስጥ በቃይ፣ ማዳበሪያ ነው። አንድ ግራም ፎስፈረስ ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ደረቅ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። አልጌው ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ግን መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሞት ደግሞ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የተረፈውን ይጨርሱታል።

"ከተጣራ በኋላ ምን ችግር አለው?" የሚላችሁ አይጠፋም። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን የአሜሪካዋን ከተማ ሲያትልን ንገሩት። እዚያው ከተማዋ አጠገብ ወዳለው ዋሽንግተን ሐይቅ ይገባ የነበረው ፍሳሽ አብዛኛው በማጣሪያ ጣቢያ ያለፈ ነበር። ቆሻሻው ቢቀንስም ፎስፈረሱ አልወጣም። ሐይቁ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአልጌ ተበከለ። ሕዝቡ በ1958 ድምፅ ሰጠ፣ ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹ ወደ ባሕር ተዛወረ። ሐይቁም በጥቂት ዓመታት ጠራ። ተስፋ ስቆርጥ የማስታውሰው ይህን ነው።

ሐዋሳን ሳስብ ግን እጨነቃለሁ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የክረምት ጎርፍ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ይተናል፣ ፎስፈረሱ አይተንም። ፍሳሹን የምንገፋበት ባሕርም የለንም። መያዝ ያለበት ገና ከምንጩ፣ ሐይቁን ሳይነካ ነው።

ስለዚህ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ የሚወርድበትን ቦይ ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከየት ግቢ ምን እንደሚገባበት በዓይናችሁ እዩ። መሣሪያ የለንም አትበሉ። ነጭ ክብ ክዳን ላይ ክብደት አድርጉና ገመድ እሰሩበት፤ ከዓይን እስኪጠፋ ወደ ውሃው አውርዱት። ስንት ሜትር ላይ ጠፋ? ቶሎ ከጠፋ ውሃው ደፍርሷል ማለት ነው። ይሄንን በብርሃን፣ በየወሩ፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ለኩ። ደብተራችሁ ላይ ቀኑን አትርሱ። ዋዜማውን ዘንቦ ከሆነ እሱንም ጻፉ።